የጋሽ ይስማው ማቀጣጠያ

የጋሽ ይስማውን ሞት የነገረኝ የሚኒባስ ረዳት ነው። ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ወሬ የሚመጣው በሰው አፍ ብቻ ነበር። ረዳቱ መናኸሪያው በር ላይ አየኝና፣ "እኒያ ቤንዚን አሽታች አከራይሽ አረፉ እኮ፤ ትናንት ተቀበሩ" አለኝ። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ወግ አለው፤ ሰው አስቀምጠው፣ ዘመድ አሰባስበው ነው የሚያረዱት። ልቆጣው አፌን ስከፍት ሳቅ ቀደመኝ፤ ከሳቁ ኋላ ለቅሶው መጣ። ጋሪ ነጂው፣ ሸንኮራ ሻጯ፣ ሁሉም እያየኝ መሃል መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ረዳቱ ያጠፋው ነገር ያን ጊዜ ገባውና የፊት ወንበር አስለቅቆ አስቀመጠኝ። ለቀብሩ ባልደርስ ለሠልስቱ ልድረስ ብዬ በዚያው ተሳፈርኩ።

ቤንዚን አሽታች የተባሉት በሐሰት አይደለም። እንጅባራ ተመድቤ ሄጄ ቤት ስፈልግ ደላላው ወደ ጋሽ ይስማው ግቢ ወሰደኝ። ሥራሽ ምንድን ነው አላሉኝም። ባል አለሽ ወይ፣ እንግዳ ታበዣለሽ ወይ፣ ውሃ ትፈጃለሽ ወይ የሚባለውን አከራይ ሁሉ የሚጠይቀውን አንዱንም አልጠየቁኝም። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "ከሰል በምንድን ነው የምታያይዢው?" አሉ። እኔም በዳንግላ ልጅ ድፍረት፣ "በክብሪት ነዋ" አልኳቸው። አልሳቁም። ሻንጣዬን አስከፍተው አሸተቱ። እውነቴን ነው፣ ጎንበስ ብለው እንደ ጉምሩክ ፈታሽ አሸተቱና፣ "ግቢ" አሉኝ። ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም ብዬ ነበር የገባሁት።

እንጅባራን ለማያውቅ ሰው ነገሩ አይገባውም። ጭጋጉ ጠዋት ቤት ድረስ ይገባል። ዝናቡ ወር አይመርጥም። ልብስ ሁለት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም፤ ከሰሉም እንዲሁ ርጥበት ይጠጣና ብታራግቢው ብታራግቢው ጭስ እንጂ ፍም አይሆንም። ድሮ ላምባ ጠብ አድርገው ነበር የሚያያይዙት። ላምባ ሲጠፋ ሰው ወደ ቤንዚን ዞረ። ማደያው ሰልፍ ስለሆነ ቤንዚኑ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተሞላ መንገድ ዳር ይሸጣል፤ ሴቱም ወንዱም አንዳንድ ሃይላንድ አልጋ ሥር ደብቆ ያስቀምጣል። ጋሽ ይስማው የሚያሸቱት ያንን ነው። በየሳምንቱ የተከራዩን በር አንኳኩተው፣ "እንደምን ዋላችሁ" ብለው፣ መልሱን ሳይሰሙ አፍንጫቸውን ያስገባሉ።

ዝም ብለው ይከለክሉ ነበር እንዳይባል ደግሞ በምትኩ የሚሰጡት ነገር ነበራቸው። ሰውየው በወጣትነታቸው አናጢ ነበሩ፤ የእንጨት ሥራ ቤታቸውን ለሌላ ቢያከራዩትም ሰጋቱራው የእሳቸው ነው የሚል ውል ነበራቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ ሰጋቱራውን ነፍተው ያሰጣሉ። መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ የሻማ ጉማጅ የሌለበት ቤት የለም፤ እሳቸው ደግሞ መብራት በመጣ ማግስት በየጎረቤቱ እየዞሩ፣ "መብራት መጣ፤ ጉማጁስ?" ይላሉ። ጉማጁን በወተት ዱቄት ጣሳ ያደርጉታል፣ ጣሳውን ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ያስቀምጡታል፣ ሰሙ ቀስ ብሎ ይቀልጣል። ጣሳውን በቀጥታ እሳት ላይ የጣደ ሰው ቢያዩ ይሳደቡ ነበር፤ ሰም ከተቆጣ ከቤንዚን አይሻልም ባይ ናቸው። ከዚያ ሰጋቱራውን በእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ሞልተው ሰሙን ያፈሱበትና በአውራ ጣታቸው ጠቅጠቅ ያደርጉታል። ሲቀዘቅዝ አንድ በአንድ ይቆረጣል። አንዷን ከከሰሉ ሥር አስገብቶ በክብሪት መለኮስ ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ረጅም ጊዜ ትነዳለች፤ ከሰሉ ወደደም ጠላም ይያያዛል።

እንደዚያ ስላችሁ የተዋጣላቸው ብልህ አድርጋችሁ እንዳትስሏቸው። ግትር ናቸው፤ ግትር ሰው ደግሞ ሲሳሳት በሙሉ ልቡ ነው የሚሳሳተው። አንድ ጊዜ መብራት ሳይጠፋ ቆየና ሻማ አነሰ። እሳቸው ከሥጋ ቤት ሞራ አምጥተው በሰሙ ፈንታ አቀለጡት። ማቀጣጠያው እንዳማረበት ለሰፈሩ ሁሉ አደሉ፤ የረሱት ነገር ቢኖር ጊዜው ሁዳዴ መሆኑን ነው። በማግስቱ ሽሮዋን በሞራ ጭስ ያበሰለች አንዲት ጎረቤት ጉድ አለች፤ ቄስ ተጠየቀ፤ የእንቁላል ካርቶኑ በሙሉ እየተሰበሰበ ደጃቸው ላይ ተመለሰ። የተመለሰውን ደግሞ ውሻ በላው። ጋሽ ይስማው ለሳምንት ያህል ከማንም ጋር አልተነጋገሩም፤ ሚስታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ግን ጓዳ ገብተው ሲስቁ ሰምቻለሁ።

ሳቁ እንዲህ እንዲህ ባለ ነገር ነው እንጂ በዚያ ግቢ የሚበዛው ሥጋት ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ አንድ ተከራይ ነበር፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ሰላምተኛ። ጋሽ ይስማው ከአልጋው ሥር ግማሽ የደረሰ ሃይላንድ አገኙበት። እንዲያስረዳ ጊዜ አልሰጡትም። ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን፣ መጽሐፉን አንድ በአንድ አውጥተው ዝናብ ላይ ጣሉት። ልጁ አለቀሰ። እትዬ ጥሩወርቅ ወጥተው ፍራሹን ወደ በረንዳ ጎተቱ፣ ፕላስቲክ አለበሱት፣ ከዚያም ራሳቸው ሄደው ጎረቤት ዘንድ ቤት ለመኑለት። እኔ አምባገነን ናቸው ብዬ ፈረድኩ። ዛሬም ያን ዕለት ልክ ነበሩ አልልም።

እትዬ ጥሩወርቅን የሚያይ ሰው ግን ምክንያቱን የሚገምት ይመስለዋል። ከግራ ጉንጫቸው እስከ አንገታቸው ድረስ ቆዳው ተሸብሽቦ የደረቀ ነው፤ የግራ ጆሯቸው ጫፍ የለም። ሰፈሩ ታሪኩን ሳልጠይቅ ነገረኝ። በአንድ ክረምት ባላቸው ሥራ ውለው ሳይመለሱ፣ እሳት አልያያዝ ብሏቸው ቤንዚን ቢያፈሱበት ነበልባሉ ፊታቸው ላይ ወጣ። ጋሽ ይስማው ደርሰው በባዶ እጃቸው አጠፉት። እውነትም የሁለቱ እጆቻቸው መዳፍ እንደ ተወለወለ ጣውላ ለስልሶ መሥመር የለውም። ሰው ሚስቱን በእጁ ያዳነ እያለ ያከብራቸው ነበር። ስለ እሳቸው ሲነሳ ደግሞ ሁልጊዜ ያቺው ተረት ትከተላለች፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እናቶች ሴት ልጆቻቸውን በእሳቸው ስም ይመክሩ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ይሰማሉ፤ አይመልሱም። ጋሽ ይስማው ይህ ወሬ የተነሳበት ቦታ አይቀመጡም፤ ኮፍያቸውን አንስተው ይወጣሉ። እኔ ትዝታው ስለሚያማቸው ነው እል ነበር።

ሁሉም ነገር የተገለጠው በአቶ አለኸኝ ሰርግ ነው። አቶ አለኸኝ አጥር ለአጥር ጎረቤታችን፣ የጋሽ ይስማው የወጣትነት ጓደኛ ናቸው። ሴት ልጃቸውን በሚያዝያ መጨረሻ ዳሩ። የሙሽራው ወገን ከአዘና ነው፤ ትልቅ ቤተሰብ፣ በቀላሉ የማይረካ። አቶ አለኸኝ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አልነበራቸውም። ፍልጡ በጊዜ ተፈልጦ ሸራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር፤ በዋዜማው ግን ዳሱ ሲሠራ የጣሪያው ላስቲክ አጠረ። አንድ ጎበዝ የፍልጡን ሸራ ገፎ ለዳሱ ጣሪያ አደረገው። እንግዳ እንዳይበሰብስ ተጠንቅቀው እንጨቱን አበሰበሱት። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ።

ጠዋት ስንደርስ ከወጥ ዳሱ የሚወጣው ጭስ ብቻ ነበር። ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ዶሮው ታጥቧል፣ ጎላ ድስቱ ጉልቻው ላይ ተቀምጧል፤ እሳት የለም። ዲከረንስ የሚባለው የግራር ፍልጥ እርጥብ ሆኖ ሲስ ይላል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ይጠፋል። ሴቶቹ ዓይናቸው ቀልቶ በየተራ ይተነፍሱበታል። ሙሽራው ቀትር ላይ ይደርሳል። ጋሽ ይስማው ማቀጣጠያቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው መጡና ከፍልጡ ሥር ደረደሩ። ማቀጣጠያው ነደደ፤ ፍልጡ ግን ወፍራም ነው፣ ውሃ ጠጥቷል፤ ማቀጣጠያው ነድዶ ሲያልቅ ፍምና ጭስ ብቻ ቀረ። አንዱ ከኋላ ሳቀ። ጋሽ ይስማው ፍልጡን አውጡት፣ ሰንጥቁት፣ ርጥቡ ላዩ ነው፣ ልቡ ደረቅ ነው ብለው ተናገሩ። ማን ይስማቸው፤ አንዱ እንጨት ለመሰንጠቅ የሚፈጀውን ጊዜ ያሰላል፣ ሌላው መንገዱን ያያል።

በዚህ መካከል የአቶ አለኸኝ ልጅ ሙሉቀን ለሙሽራ አጃቢ ከተኮናተሩት ሚኒባስ በጎማ ቱቦ ቤንዚን ስቦ በሃይላንድ ይዞ መጣ። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ሱፍ ለብሷል፤ አባቱ ሲዋረዱ ማየት አቃጥሎታል። እየሮጠ መጣና ክዳኑን መፍታት ጀመረ።

ጋሽ ይስማው ከድስቱ ጥግ፣ በሁለት ጉልቻዎች መካከል ገብተው ቆሙ። በሚጨሰው እንጨት ላይ፣ በጫማቸው። ጭሱ በሱሪያቸው እግር መካከል እየወጣ ነበር። ፍሙ ከሥር ቀይ ሆኖ ይታየኛል። ሙሉቀን ይውጡ አላቸው፤ አልወጡም። ክንዳቸውን ይዞ ሊጎትታቸው ሲል ድስቱን አቅፈው ያዙ። ሴቶቹ ከዳሱ አንድ ሕፃን አንስተው ወደ ውጭ ሲያወጡ አየሁ። የተፈታው ክዳን ሙሉቀን እጅ ላይ ነው፣ ጠርሙሱ እየተነቃነቀ ነው፣ ጠብታው ከፍሙ አንድ ክንድ አይርቅም።

አቶ አለኸኝ ሰው ጥሰው መጡ። ጓደኛቸውን በሰው ፊት መቆጣት እንዳልፈለጉ ያስታውቃል፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። "ይስማው፣ ዛሬ የኔ ቀን ነው። ውጣልኝ" አሉ። ጋሽ ይስማው ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ አለኸኝ ያን ጊዜ መሸከም ያቃታቸውን አወጡት። "ሚስትህ በችኮላዋ በራሷ ያመጣችውን በልጄ ሰርግ ላይ አታሟርት" አሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ እዚያው ነበሩ። ከሽንኩርት ከታፊዎቹ ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ቢላዋ በእጃቸው። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። እሳቸው ሽንኩርቱን ያዩ ነበር።

"ጥሩዬ አልቸኮለችም" አሉ ጋሽ ይስማው። "የቸኮልኩት እኔ ነኝ።"

ከዚያ ቆመው፣ እዚያው ጭሱ ላይ፣ ነገሩን ተናገሩ። ያን ዕለት ከሥራ የመጡት ዘግይተው ሳይሆን ቀድመው ነው። በስብሰው፣ ርቧቸው፣ ተቆጥተው። እሷ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች። እስከ መቼ ነው እፍ የምትዪው ብለው ለመጋዙ ሞተር የሚጠቀሙበትን ቤንዚን አነሱና በትከሻዋ ላይ አሻግረው አፈሰሱት። ሥሩ ፍም እንዳለ አላዩም። ሆስፒታል ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቅ እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ እሷ፣ "እኔ ነኝ ያፈሰስኩት" አለች። ቢታሰሩ ያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩትን ልጆቻቸውን የሚያበላ አልነበረም። እሳቸውም ዝም አሉ። አንድ ቀን ዝም ያለ ሰው በማግስቱ መናገር ይከብደዋል፤ ዓመት ሲያልፍ ደግሞ ጭራሽ አይሆንለትም አሉ። ሁለት መዳፎቻቸውን ዘረጉ። "ሰው የሚያመሰግነኝ በዚህ እጅ ነው። ያፈሰሰውም ይኸው እጅ ነው።"

እትዬ ጥሩወርቅ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። በቀሚሳቸው እጃቸውን ጠረጉና ወደ ሙሉቀን ሄዱ። ጠርሙሱን ከእጁ ወሰዱ፣ ክዳኑንም ተቀብለው አጥብቀው ገጠሙት፤ ከዚያ ማንንም ሳያዩ፣ ባላቸውንም ሳያዩ፣ በአጥሩ በር ወጡ። ወደ ሰርጉ አልተመለሱም።

ቀድሞ የተነሱት አቶ አለኸኝ ናቸው። ኮታቸውን አውልቀው ለልጃቸው ሰጡና መጥረቢያ አንስተው ፍልጡን መሰንጠቅ ጀመሩ። ጎበዛዝቱ ተከተሉ። ጋሽ ይስማው ወደ ቤት ሄደው ማቀጣጠያ የሚያደርቁበትን የጣውላ መደርደሪያ በመዶሻ አፍርሰው አመጡ፤ ደረቅ ጥድ ነበር። ከሥር ማቀጣጠያውን በመሥመር ደረደሩ፣ ከላዩ ቀጭን ጣውላ፣ ከዚያ ላይ የፍልጡን ልብ። እሳቱ እንደ ፈራ ሰው ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲል ቆይቶ ያዘ። ምሳው ዘገየ፤ የአዘና ሽማግሌዎች በጠላ ብቻ ብዙ ተቀመጡና አጉረመረሙ። ግን በሉ። ጋሽ ይስማው አልበሉም። እንጨት እየጨመሩ ዋሉ፤ በየመካከሉ ወደ አጥሩ በር ያዩ ነበር።

በማግስቱ ከቧንቧው ውሃ ልቀዳ ስወጣ ሁለቱ በረንዳ ላይ ነበሩ። እትዬ ጥሩወርቅ ሻንጣ አሥረዋል። ጋሽ ይስማው ቆመዋል፣ ኮፍያቸው በእጃቸው ነው። ልመለስ ስል እትዬ ጥሩወርቅ፣ "ቁሚ፣ ከአንቺ የሚደበቅ የለም" አሉኝ። ከዚያ ለባላቸው የተናገሩትን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ።

"ትናንት የተናገርከው ለአለኸኝ ሰርግ ነው፤ ለኔ አይደለም። እናቴ ልጄ ችኩል ናት እያለች ሞተች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ላንተ ስል ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። ለሷ አሁን ማን ይንገራት?"

አዘና ወንድማቸው ቤት ሊሄዱ ነው፤ እንደማይመለሱም በግልጽ ተናገሩ። ጋሽ ይስማው የበረንዳውን ምሰሶ ያዙ። እኔ ልሂድ አሉ። ለወንድምሽ ለፈንታ፣ ለዘመድሽ ሁሉ በአፌ ልንገር፤ ከዚያ ወዲያ ብትሄጂ አልይዝሽም አሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ባላቸውን አላመኑም። ወደ እኔ ዞረው፣ "አብረሻቸው ሂጂልኝ፤ ምንም ሳያስቀሩ መናገራቸውን በጆሮሽ ስሚ" አሉኝ። ለባላቸው አንቱ ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እንደ ባዕድ አድርገዋቸው ነበር።

እሑድ ማለዳ በሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገርንም። አያ ፈንታ በአዘና የታወቁ ቁጡ ሰው ናቸው፤ እህታቸውን ደግሞ እንደ ልጅ ነው ያሳደጓቸው። ስንደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሰንበቴ ቤት ተቀምጧል። ጋሽ ይስማው እዚያው ይሁን አሉ። ጠላው ሲቀዳ፣ ዳቦው ሲቆረስ፣ ተነስተው ቆሙና በአገውኛ ተናገሩ። እኔ አገውኛ እሰማለሁ፣ መመለስ ነው የሚቸግረኝ፤ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ረሃቡን፣ ቁጣውን፣ በትከሻዋ ላይ ማሻገራቸውን፣ ዝምታውን፣ ምንም አላስቀሩም። ይቅርታ አድርጉልኝ ብለው እንኳ አልጨመሩበትም።

አያ ፈንታ ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። ሁለት ሰዎች አብረው ተነስተው ሊይዟቸው ሲሉ በዓይናቸው መለሷቸው። ጋሽ ይስማው ኮፍያቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። ይመቷቸዋል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁት ግን የአያ ፈንታን ድምፅ ነው።

"እናታችን ያው እዚያ ነው ያለችው። ለኛ የነገርከንን ለሷ ንገራት።"

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው መቃብር ሄድን። አያ ፈንታ ከኋላ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ሰንበቴው ሁሉ ተከትሎ ወጣ። ጋሽ ይስማው በሣሩ ላይ ተንበርክከው መጀመሪያ ድምፃቸው አልወጣ አለ። አያ ፈንታ፣ "ጮክ በል፤ ሽማግሌ ናት፣ አትሰማም" አሉ። የቀለደ ሰው የለም፤ የሳቀም የለም። ጋሽ ይስማው ጮክ ብለው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ልጅሽ ችኩል አይደለችም አሏት፤ እኔ ነኝ አሏት። ሲጨርሱ መነሳት አቅቷቸው እኔ ነኝ ክንዳቸውን ይዤ ያነሳኋቸው። አያ ፈንታ አልጨበጧቸውም። እህቴ ከፈለገች ትኑር፤ እኔ ግን ቤትህ አልገባም ብለው ተለዩን።

ቤት ስንገባ እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ነበሩ፤ ሻንጣው አጠገባቸው። እኔን ወደ ጓዳ አስገብተው ሁሉንም አስደገሙኝ። ወሬዬ መቃብሩ ላይ ሲደርስ አስቆሙኝና፣ "ጮክ ብሎ ነው የነገራት?" አሉ። አዎ፣ ሰንበቴው ሁሉ ሰምቷል አልኩ። ከዚያ አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ኋላ ሻንጣቸውን ፈትተው ለባላቸው ምሳ አቀረቡ። ይቅር አልኩህ ሲሉ ግን አልሰማሁም፤ ከዚያ በኋላ እዚያ ግቢ በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ አልሰማሁም። ጋሽ ይስማውም አልጠየቁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰጋቱራቸውን ይነፋሉ፣ ሰማቸውን ያቀልጣሉ፣ እየዞሩ ያሸታሉ። የተለወጠው ነገር ቢኖር፣ ተከራይ ቤት ሃይላንድ ሲያገኙ ዕቃ መወርወር ትተው ቁጭ ብለው ይነግሩት ነበር፤ መጀመሪያ የሚሉት ደግሞ፣ "እኔ ሚስቴን ያቃጠልኩ ሰው ነኝ" ነው። ይህን ሰምቶ ቤንዚኑን መልሶ አልጋው ሥር ያስገባ ተከራይ አላየሁም።

ለሠልስቱ ስደርስ ግቢው ሞልቷል። አቶ አለኸኝ ዳሱን ሠርተው፣ አጠገቡ ቆመው ሰው ያስቀምጣሉ። አያ ፈንታ ቃላቸውን ጠብቀው ቤት አልገቡም፤ ዳሱ ውስጥ ግን ከፊት ተቀምጠው አየኋቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ጥቁር ለብሰው በሴቶቹ መካከል ነበሩ። ስስማቸው ፊታቸው ደርቆ ነበር፤ እንባቸውን የጨረሱ መሰለኝ።

አልቃሿ ከሩቅ ሰፈር የመጣች ናት፤ ድምፀ መልካም። የሟችን ደግነት በግጥም እየደረደረች አስለቀሰችን። እጀ ብርቱ አናጢ አለች፣ ለጎረቤት አሳቢ አለች። ከዚያ ሰው የሚወደውን አነሳች፤ ሚስቱን ከነበልባል በመዳፉ ያወጣ፣ እሳቱን በእጁ ያጠፋ እያለች ደጋገመችው። ዳሱ በሙሉ ተቀበላት። ስለ ሰርጉም ስለ አዘናውም የሚያውቁት ጭምር ተቀበሏት፤ ሞቷል፣ ከሞተ ወዲያ ክፉ አይነሳም ብለው ይሆናል።

እትዬ ጥሩወርቅ ተነስተው ቆሙ። እጃቸውን ሲያነሱ ልቅሶው እየቀነሰ እየቀነሰ ቆመ።

"ጨርሺው እንጂ" አሏት አልቃሿን። "ያቃጠለኝም እሱ ነው በይ። ያን ለመናገር ዕድሜውን ሙሉ ፈጅቶበታል፤ እናቴ መቃብር ላይ ሳይቀር ጮኾ ተናግሮታል። አሁን ሞተ ብላችሁ መልሳችሁ አትደብቁበት።"

አልቃሿ ግራ ገብቷት ወደ ሽማግሌዎቹ አየች። አያ ፈንታ ከተቀመጡበት፣ "ያለችሽን በይ" አሏት። ሴትየዋ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ጥቂት አሰበችና እንደገና ጀመረች፤ አሁን ያፈሰሰውንም ያጠፋውንም እጅ በአንድ ስንኝ አስገባችው። እትዬ ጥሩወርቅ ያን ሲሰሙ ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸው አለቀሱ።